ውሻው ሲያረጅ ወዴት ነው የምትወስዱት?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

ባለፈው ስለ ባለቤት አልባ ውሾች ያወጣችሁትን ጽሁፍ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ጮክ ብዬ ስለማነብላት እሷም ሰምታዋለች። ለኪዳን በሌሊት የሚወጡ እናቶችን ስለሚያስቸግሩ ውሾች፣ ማልደው ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ ልጆች፣ ስለ እብድ ውሻ በሽታ የጻፋችሁት ሁሉ ልክ ነው፣ አንዱንም አልቃወምም። ግን አንድ ነገር ዘላችኋል። እነዚህ ውሾች ከየት መጡ? ከሰማይ አልወረዱም መቼም። ግማሹ እዛው መንገድ ላይ የተወለደ ነው፣ ግማሹ ግን የሆነ ግቢ ውስጥ ስም የነበረው፣ ሳህን የነበረው፣ ሌሊት ሌሊት ጅብ ሲያባርር የኖረ ውሻ ነው፣ ሲያረጅ ነው ወደ ውጪ የተወረወረው። ስለነዚህኞቹ ማንም ሲጽፍ አላየሁም፣ ለዛ ነው ይሄን የምልክላችሁ፣ ከረዘመ ታግሳችሁ አንብቡት።

እንዴት እንደሚደረግ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ውሻው አስር አመት ምናምን ይሞላዋል፣ ጆሮው ይደክማል፣ በር ሲንኳኳ መነሳት ይተዋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ አባወራው "ይሄ ውሻ እኮ ዝም ብሎ እንጀራ ይፈጃል" ይላል። ብዙም ሳይቆይ ቡችላ ይመጣል። ሽማግሌው ደሞ ኬሻ ውስጥ ይገባና ወይ በጎረቤት ፒካፕ ወይ ለባለ ባጃጅ ተከፍሎት፣ መንገዱን ይዞ እንዳይመለስ ራቅ ተብሎ፣ ወደ ሱሉልታ መውጫ ወይ ሌላ የከተማ ዳር ይጣላል። እኛ ሰፈር ውሻ ኖሮት ይሄን ያላደረገ ቤት ጥቂት ነው። ክፉ ሰዎች ሆነው እንዳይመስላችሁ፣ ለቅሶ የማይቀሩ፣ እድራቸውን በጊዜው የሚከፍሉ፣ ሰው ሲታመም ሆስፒታል የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ውሻን ግን እንደ በር ደወል ነው የሚያዩት፣ ካልጮኸ ይቀየራል። "ውሻ በበላበት ይጮሃል" ስንል አድገናል፣ እድሜ ልኩን በበላበት ጮኾ ጮኾ ድምፁ የተዘጋውን ምን እናድርገው የሚል ተረት ግን የለንም፣ ወይም እኔ አልሰማሁም።

አሁን ደሞ ሌላ ተጨምሮበታል። በመልሶ ማልማቱም በኮሪደር ልማቱም ከነባር ሰፈር የተነሳ ሰው ኮንዶሚኒየም ይገባል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ግቢ የለ አጥር የለ። ሶፋው ይጫናል፣ ቡታጋዙ ይጫናል፣ የአበባው ባልዲ ሳይቀር ይጫናል፣ ውሻው አይጫንም። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የድሮው በር የነበረበት ቦታ ላይ የሚተኛ ውሻ አይቻለሁ፣ ግቢ የለም፣ በር የለም፣ እሱ ግን ሰው ሲያልፍ ተነስቶ ይጮሃል፣ ሥራ ላይ ነው። ሰዎቹን እንዴት ልውቀሳቸው፣ ራሳቸውም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዕቃቸውን ሰብስበው የወጡ ናቸው። ግን ነገሩ መነሳት አለበት፣ ካልተነሳ ደሞ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ "ውሻ አይገባም" ብሎ አንድ መስመር ይጽፍና ያበቃል።

እናቴ ቤት ያለው ቡቺ ነው የሚባለው (ያው በየሁለተኛው ግቢ አንድ ቡቺ አለ፣ ለውሻ ስም ማውጣት ላይ ሰነፎች ነን)። አባቴ በህይወት እያለ የገባ ነው፣ የሀበሻ ውሻ፣ ቡናማ፣ አፉ ዙሪያው ግን አሁን ነጭ ሆኗል። አስራ አራት አመት ሳይሆነው አይቀርም፣ ማንም አልመዘገበለትም። ዓይኑ መሃል ሰማያዊ ነገር ጋርዶታል፣ ሐኪሙ አይቶት ሁሉም ሞራ አይደለም፣ ውሻ ሲያረጅ የዓይኑ ሌንስ እየጠጠረ እንደዚህ ይሆናል፣ ትንሽ ትንሽ ያያል አለን። ጆሮው ግን ሙሉ በሙሉ ሄዷል። እናቴ ልትጠራው ስትፈልግ እግሯን መሬቱ ላይ መታ መታ ታደርጋለች፣ ንዝረቱ ሲደርሰው ቀና ይልና ወዲያ ወዲህ ያሸታል፣ ካገኛት በኋላ ነው ጭራው የሚንቀሳቀሰው። ሲነሳ መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ይዘረጋል፣ ከዛ የኋላዎቹ እሺ እስኪሉት ቆም ብሎ ይጠብቃል፣ እናቴም በዛው ሰዓት ጉልበቷን ደግፋ ከበርጩማ እየተነሳች "ተነስ እንግዲህ አንተ ሽማግሌ፣ ማን ሊሸከምህ ነው" ትለዋለች። ሁለቱም አንድ ላይ ቆመው ትንሽ ትንፋሽ ይወስዱና ወደ ማድቤት ይሄዳሉ። በየቀኑ ነው ይሄ።

ድሮ ኪዳን ስትሄድ እስከ ቤተክርስቲያኑ አጥር ይሸኛታል፣ ውጪ ተጋድሞ ጠብቆ ይዟት ይመለሳል። አሁን ቁልቁለቱን አይችለውም፣ ስለዚህ እስከ ጥጉ ሱቅ ድረስ ይሄድና እዛ ይቀመጣል፣ ባለሱቁ ልጅ በር ሲከፍት ካርቶን ያነጥፍለታል። እናቴ ስትመለስ "እማማ፣ ዘበኛዎ ዛሬ አኩርፏል፣ ዘግይተዋል" ይላታል። አንዴ ለጠበል ሄዳ ስትቆይ ምግብ እምቢ አለ፣ ሠራተኛዋ ብታባብለው፣ እኔ ስጋ ይዤ ብሄድ ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ ሠራተኛዋ የእናቴን የቤት ነጠላ ለብሳ ሳህኑን አቀረበችለት፣ አሸተተና በላ። ዓይኑም ጆሮውም ቢከዱት አፍንጫው ገና አለ፣ ያቺ ነጠላ ደሞ ጭስ ጭስና ቡና ቡና ነው የምትሸተው።

እስኪ ስለ ምግብ ካነሳን ልቀጥል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "አርጅቶ ሞተ" የሚለው ውሻ በኛ ሳህን የሞተ ይመስለኛል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ የደም ሴሉን ነው የሚሰብረው፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ ለውጥ የለውም። አሁን አስቡት እኛ ቤት ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የትኛው ነው? በሁዳዴ ደሞ ቡቺም አብሮ ጿሚ ነው፣ ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮ በእንጀራ፣ ሽሮው ውስጥ ደሞ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። ጾሙ ሲፈታ የዶሮው አጥንት ይወረወርለታል፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ደሞ ሲሰበር ስለታም ስንጥር ነው የሚሆነው፣ አንጀት ይበሳል። እናቴ ይሄን ከሰማች ወዲህ ለሱ ብቻ ትንሽዬ ድስት አላት፣ ቂንጬ ወይ ሩዝ ያለ ምንም ነገር ታበስልለታለች፣ ጥርሱ ስላለቀ አላልታ። ከስጋ ቤት ሳንባ እናመጣለታለን፣ ግን ቀቅለን ነው የምንሰጠው፣ እናንተም ቀቅሉ፣ ጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ነገር ካለ ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆንና እንቁላሉ ከውሻው ወደ ሰው ይተላለፋል። ይሄ ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለልጆቻችሁም ነው።

ሌላው መድኃኒት ነው። ውሻው ሲያነክስ አይቶ ያዘነ ሰው ከራሱ ኪኒን ይሰጠዋል፣ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ። እባካችሁ ተዉ። የሰው ማስታገሻ የውሻን ሆድ ያደማል፣ ኩላሊትና ጉበት ይጨርሳል። ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ አለ፣ በኪሎው ተመዝኖ የሚታዘዝ፣ የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ፣ ቢሾፍቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ አለ። እናቴ የቡቺን መገጣጠሚያ የምትረዳው ግን በሌላ ነው፣ ሲሚንቶው ላይ እንዳይተኛ አሮጌ ፍራሽ ቀድዳ ሰጠችው፣ ማድቤቱ በር ስር ያለውን ደረጃ ደሞ በጣውላ አስተካከለችው። ወጪው እንግዲህ ይሄ ነው።

ደሞ የሌሊቱ ነገር አለ። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ቡቺ ሌሊት ይነሳና ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይቆማል፣ አንዳንዴ ያላዝናል። ጎረቤት "ውሻ ካላዘነ ሰው ሊሞት ነው፣ አስወግዱት" አለች፣ ሌላዋ ሰይጣን አይቶ ነው አለች። እናቴ ፈርታ ነበር አልዋሽም። ሐኪሙ ሲነግረን ግን ውሻም እንደ ሰው ሲያረጅ አእምሮው ይደክማል፣ ሌሊትና ቀን ይምታታበታል፣ የሚያውቀው ግቢ ውስጥ ራሱ ይጠፋበታል። በረንዳው ላይ አንድ አነስተኛ አምፖል በርቶ እንዲያድር አደረግን፣ የሚበላበትን ሰዓት አንድ አይነት አደረግን፣ ቀን ቀን ትንሽ እናንቀሳቅሰዋለን፣ ቀንሷል። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። እናቴ ሲያላዝን በመስኮት "እዚህ ነኝ እኮ" ትለዋለች፣ እንደማይሰማት እያወቀች።

ሃይማኖት የሚያነሱም አሉ፣ ውሻ ርኩስ ነው፣ ለውሻ እንዲህ መሆን ነውር ነው ይላሉ። ቤተክርስቲያን ቅጥር አይገባም፣ ልክ ነው፣ ቡቺም ገብቶ አያውቅም። ግን መጽሐፈ ጦቢትን የሚያነብ ሰው ያውቃል፣ ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻውም አብሯቸው ሄዷል፣ ሲመለሱም አለ። መልአክ አብሮ የሄደውን ውሻ እኛ ኬሻ ውስጥ እንከታለን። የሀብታሙ ደጅ የወደቀውን የአልዓዛርን ቁስል የላሱትም ውሾች ናቸው፣ ሀብታሙ ዞር ብሎ አላየውም። ጃንሆይም ሉሉ የሚሏት ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው፣ ቤተ መንግስት ውስጥ ነው የኖረችው። ስለዚህ ነውር ነው የሚለው ነገር ብዙም አይዋጥልኝም፣ የድሃ ውሻ ሲሆን ነው ነውሩ የሚመጣው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ጋዜጠኞቹ ልምጣ። ሀቺኮ የሚባለውን የጃፓን ውሻ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጌታው ሞቶ ሳለ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሲጠብቅ የኖረው። ቲክቶክ ላይ ሰው ሁሉ የሚያለቅስበት ያ ነው። ሰው የማይነግራችሁ ክፍል ግን አለ። ጌታው ፕሮፌሰር ኡዌኖ በ1925 ድንገት ሲሞቱ ውሻው ገና ሁለት አመት አልሞላውም ነበር፣ ከዛ በኋላ ሺቡያ ጣቢያ በየቀኑ ሲመላለስ ማንም አላጨበጨበለትም፣ የጣቢያው ሰራተኞችና ነጋዴዎቹ ያባርሩት ነበር፣ ይመቱት ነበር፣ የመንገድ ውሻ ነው ብለው። ለሰባት አመት እንደዛ ነው የቆየው። በ1932 አሳሂ ሺምቡን የሚባለው ጋዜጣ ስለሱ ጻፈ፣ የዛኔ ውሻው አርጅቷል፣ ዘጠኝ አመት ሊሞላው ነው። ጋዜጣው ከወጣ በኋላ እነዛው ሰዎች ምግብ ያመጡለት ጀመር። በ1934 ሐውልት ቆመለት፣ እሱም በምረቃው ላይ ነበረ፣ በቀጣዩ አመት መጋቢት ላይ ሞተ። ሐውልቱን በጦርነቱ ጊዜ ለብረት ብለው አቀለጡት፣ በ1948 እንደገና ሰሩት (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እኔን የሚገርመኝ ሐውልቱ አይደለም። ያው ውሻ፣ ያው ጣቢያ፣ ያው ሰዎች፣ የተቀየረው አንድ ጋዜጣ ላይ የወጣ አንድ ጽሁፍ ነው። እናንተም የምትጽፉት ነገር ስለ ንክሻ ብቻ ከሆነ ሰው ድንጋይ ነው የሚያነሳው።

ስለ ንክሻውም ቢሆን ያረጀውን ውሻ መጣል ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም። ቤት እያለ በየአመቱ የሚከተብ ውሻ ሲጣል ክትባቱ ያልፍበታል፣ ይራባል፣ ከማያውቃቸው ውሾች ጋር ይናከሳል። የእብድ ውሻ በሽታ በአለም ላይ በየአመቱ 59,000 ገደማ ሰው እንደሚገድል ነው የዓለም ጤና ድርጅት የሚገምተው፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደሞ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ድርጅቱ የሚለው ውሻ ግደሉ አይደለም፣ ከውሾቹ 70 በመቶውን ከትቡ፣ በሽታው መተላለፉን ያቆማል ነው የሚለው። በመርዝ ስጋ መጨረስ ድሮ ተሞክሯል፣ ትልልቆቹ ያስታውሱታል፣ ጠዋት መንገዱ ዳር ተገትረው የሚታዩትን። ውሾቹ አለቁ? አላለቁም፣ ቦታው ባዶ ሲሆን ሌላ ያልተከተበ መጥቶ ይይዘዋል። ባሌ ተራሮች ላይ ያሉትን ቀይ ቀበሮዎቻችንን እንኳን፣ በመላው ሀገሪቱ 500 ገደማ ብቻ የቀሩትን፣ በተደጋጋሚ የጨረሳቸው ከውሻ የተላለፈባቸው ይሄው በሽታ ነው፣ እዛም መፍትሄ የሆነው የገበሬውን ውሾች መከተብ ነው። (የተነከሰ ሰው ካለ ደሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አስራ አምስት ደቂቃ ማጠብና በፍጥነት ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፣ ጠበሉ ከዛ በኋላ ይደርሳል።)

"እሺ በጣም ቢሰቃይስ?" የሚል ይኖራል። እኔና እናቴ እዚህ ላይ አንስማማም። እኔ ውሻው መብላት ካቆመ፣ መነሳት ካቃተው፣ ህመሙ በመድኃኒት ካልታገሰ በሐኪም እጅ፣ በመርፌ፣ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ቢያርፍ ይሻላል ባይ ነኝ። እናቴ "ነፍስ የሰጠው ይውሰዳት" ትላለች። ቡቺ ገና እየበላ ስለሆነ ክርክሩን አቁመነዋል። ግን ሁለታችንም የምንስማማበት ነገር አለ፣ ኬሻው መፍትሄ አይደለም። መንገድ የማያይ፣ መኪና የማይሰማ ሽማግሌ ውሻ ቀለበት መንገድ ዳር ጥሎ መሄድ ማሳረፍም ማዳንም አይባልም።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ብዙ አይደለም። ስለ ውሾች እንደገና ስትጽፉ አንድ ያረጀ ውሻ ያለበት ቤት ሂዱ፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችንም የተከተበና በማሰሪያ የሚወጣ ውሻ ለምን አይገባም ብላችሁ ጠይቁልን፣ ከነባር ሰፈር የሚነሳ ሰው ውሻውን ለማን እንደሚሰጥ፣ የት ወስዶ እንደሚያስከትብ የሚነግረው አካል አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። መልሱን ካገኛችሁ አትሙት፣ ካላገኛችሁም አላገኘንም ብላችሁ አትሙት፣ እሱም ዜና ነው።

ፎቶ ካስፈለጋችሁ የቡቺን በቴሌግራም እልክላችኋለሁ፣ እናቴ ግን ሳይታጠብ ጋዜጣ ላይ አይወጣም ብላለች፣ መታጠብ ደሞ እሱ አይወድም፣ ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ስጡኝ።

አንባቢያችሁ ከጉለሌ